ሰላሳ አራት ቁጥር

ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እንደ ተራራችን ነን፤ ሳር ባይበቅልብንም አለን።

የመዳብ ጉድጓዱ ከተዘጋ አሥር ዓመት ሞላው፤ አፉንም አሸዋ ደፍኖታል። አባትህ ግን የሥራ ቁጥሩ የተቀረጸባትን የነሐስ ታርጋ አልጣላትም። ታስታውስ የለ፣ ሠራተኛው ሲገባ በር ላይ ይሰቅላታል፣ ሲወጣ ያነሳታል፤ ተሰቅላ ከቀረች ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው። አሁን ኩሽናችን ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅሏታል። ትናንት አጠገቤ ሻይ ሲጠጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንሳልኝ እንጂ፤ መጥበሻዬን ልስቀልበት» አልኩት።

«ገና መች ወጣሁ!» አለኝ።

ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

በፈቃድ ስትመጣ «አባባ» ብለኸው ቶሎ ባይዞር ቅር እንዳይልህ። «ሰላሳ አራት» በለው፤ እሱን ይሰማል።

ዓይንህን እስካይ ደህና ሁንልኝ። ብቻ አትዘግይ።

እናትህ