ያማሩት ሁለት ማዞሪያዎች

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ውድ ሣህሉ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር መስሎህ ፊትህ እንዳይበራ። ከጅቡቲ የላክኸው ወረቀት በፋራህ እጅ ደርሶኛል። ፎቶህንም አይቻለሁ። ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ጫማ፣ ከሱቅህ መስታወት ፊት በጎንህ ዞረህ ቆመሃል። ጫማው ጠቦሃል፤ ፊትህ ላይ ያስታውቃል። አንተ ግን ጣቶችህ ቢላጡም ሰፊ ጫማ አድርገህ ፎቶ አትነሣም።

«ነይ፣ እዚህ ሰው የውበትን ዋጋ ያውቃል» ትለኛለህ። ከዚያ ስለ እኔ አንድ ቃል እንኳ ሳትጠይቅ፣ መስታወትህ ውስጥ ስላስቀመጥኸው አዲስ የቴሌቪዥን ጌም ገጹን ትሞላዋለህ። ፊቱ እንጨት ይመስላል፣ ቁልፎቹ እንደ ብር ያበራሉ፣ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ቤቱን ያስከብራል ትላለህ። ሣህሉ፣ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ እኮ ነው! አንተ ፊት ቀርቦ የሚያስደንቅህ ነገር ሁሉ ሌላ ነገር መስሎ የቆመ ነው። እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አልጻፍክም። ይሞቅ እንደሆነ፣ ሽቦው ከቴሌቪዥኑ እስከ ወንበሩ ይደርስ እንደሆነ አልጻፍክም። አንድ ቀን እንኳ ተጫውተህበት ከሆነ እኔ ሸዋገነት አይደለሁም።

መልሴ አጭር ነው፤ አልመጣም። ምክንያቱ ግን ይረዝማል፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ስንተዋወቅ አንተ የቀበሌው ጌጥ ሠሪ ነበርክ። ለአብዮት በዓል ቅስት ታቆማለህ፣ ቀይ ጨርቅ ታጥፋለህ፣ ከጣውላ ኮከብ ትቆርጣለህ። ከጉምሩክ ቢሮ ጣቶቼ በታይፕ ደንዝዘው ስወጣ፣ መሰላል ላይ ሳይህ ድካሜ ይጠፋ ነበር። እጆችህ ያምሩ ነበር። ወድጄህ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። የመድረኩ ነገር እንኳ አላነቃኝም። ትዝ ይልሃል? ለመስከረም ሁለት በዓል ዘንባባና ኮከብ የለበሰ መድረክ ሠራህ፤ ደረጃ ግን አልነበረውም። «ደረጃ መልኩን ያበላሽብኛል» ብለህ ተውከው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ንግግሩን በኪሱ እንደያዘ በሁለት ሰው ተገፍቶ ሲወጣ ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። ሰልፈኛው ሁሉ እንዳይስቅ አፉን ሲይዝ፣ አንተ «ግን አማረ አይደል?» አልከኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ሳቅሁልህ። ዛሬ ሳስበው አያስቀኝም። አንተ እኮ ሰው ይወጣበታል ብለህ አልነበረም የሠራኸው።

በዚያው ዓመት ነው አባባን ደም ብዛት የጣለው። ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተቀምጣ ቀረች። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሸሚዙን እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት። ስቆልፍለት ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

ፋራህ ያቺን የጌም ማሽን ያመጣልን ያኔ ነው። ፋራህ፣ አባባ ይነዳው በነበረው ባቡር ላይ ዕቃ ሲያመላልስ ያረጀ ሰው ነው፤ ወዳጅነታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። እኔ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ጓዳዬ ውስጥ ከጅቡቲ የመጣ ኮንትሮባንድ! ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ብርቱካን ቀለም ያላት የፕላስቲክ ሣጥን፣ ጀርባዋ በሙሉ ቀዳዳ፣ እግሮቿ የጎማ፣ ፊቷ ላይ ቡጢ የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ማዞሪያዎች፣ ዙሪያቸው ጥርስ ጥርስ ያለው።

«ወሪያ ጋሽ ገብሬ» አለ ፋራህ፣ «ወላሂ መልክ የላትም። ግን አቦ፣ አንድ ጊዜ ያዛት።»

ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘች። በጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለት ነጭ ዘንጎች ወዲያና ወዲህ ቆመው አንዲት ነጭ ነጥብ ይቀባበላሉ፤ ማዞሪያውን ስታዞር ዘንግህ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሌላ ምንም የላትም። አባባ በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንሥቶ ማዞሪያው ላይ ጫናት። ጣቶቹ ጥርሶቹ መካከል ገቡ። መጨበጥ አያስፈልግም ነበር፤ መዳፉን መጣል ብቻ ይበቃ ነበር። ዘንጉ ነቅነቅ አለ። አባባም «ይቺማ የባቡሬ እጀታ ናት!» አለ። ድምፁ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙቀት በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት ሁሉ፣ እሱ ማሽኑ ፊት ነው። አንተም አይተሃል። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ተላወሰ፣ ከዚያ አመልካቹ። አንድ ቀን የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ራሱ ቆለፈና ሳይናገር ፊቴ መጥቶ ቆመ፣ እንዳይለት። አንተ ሽማግሌ ልትልክ መሆንህን ስነግረው ደግሞ፣ እጁን ከፍ አድርጎ «በሠርግሽ ቀን በዚች እጄ ካላጎረስኩሽ ባቡር ነድቼ አላውቅም» አለኝ። ይህን ሲል አንተ በሩ ላይ ቆመሃል። ሰምተሃል፣ ሣህሉ። አልሰማሁም እንዳትለኝ።

ሰምተህም «ሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ አስቀያሚ ዕቃ አይቀመጥም፤ ስጡኝና ላሳምራት» አልክ። ወሰድካት። አባባ ሌላ ሌላውን ትቶ «ቶሎ መልሳት» ብቻ አለህ።

ያመጣሃት ሽማግሌዎቹ በመጡበት ዕለት ጠዋት ነው። ሣጥኗ ቀይ እንጨት ሆኗል፣ በቫርኒሽ ያበራል፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ ተቀርጾበታል። ቀዳዳዎቹ የሉም። የጎማ እግሮቹ ተነቅለው የአንበሳ እግር ተተክቷል። በእነዚያ ትልልቅ ማዞሪያዎች ቦታ ደግሞ የጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ የተወለወሉ ሁለት የነሐስ ማዞሪያዎች። ከላይ የእናትህ ዳንቴል። እኛ እንግዲህ ድሬዎች፣ እኛው በሙቀት ልብሳችንን እያወለቅን ሬዲዮውንና ቴሌቪዥኑን ዳንቴል እናለብሳለን። እኔም አላወለቅኩትም፣ በሽማግሌ ፊት ዕቃ ራቁቱን አይቆምማ።

አቶ ዘገዬ፣ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ ገና ሳይቀመጡ «ይህ ቤተ መቅደስ ነው ወይስ ዕቃ?» አሉ። አንተ በኩራት ልትፈነዳ ደረስክ። «ይጫወቱበት እንጂ አባባ፣ እንይዎት» አልክ። አባባም ነጠላውን አስተካክሎ እጁን ላከ። ነሐሱ አዳለጠው። እንደገና ላከ፣ አዳለጠው። ጣቶቹ ያን ትንሽ ነገር መቆንጠጥ አልቻሉም። መዳፉን ጣለበት፣ ማዞሪያው ከሥሩ ጠፋ። ነጥቧ በእሱ በኩል እያለፈች ትሄዳለች፣ ታልፋለች፣ ታልፋለች። አባባ ሳቀና «ዛሬ ደክሞኛል» ብሎ እጁን ነጠላው ውስጥ ከተታት። ያን ሳቁን እስክሞት አልረሳውም፤ አንተንም ይቅር የማልልህ ለሱ ነው።

ግቢ ጠርቼ የጠየቅሁህን አስታውስ።

«የድሮዎቹ ማዞሪያዎች የት አሉ?»

«ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጣልኳቸው። ምን ያደርጋሉ?»

«ታዲያ አባባ ምን ይዞ ያዙር?»

«ሸዋዬ፣ የአቶ ዘገዬን ፊት አላየሽም? አፋቸውን ከፍተው እኮ ነው የቀሩት! ደግሞ አባትሽ በዚህ ዕድሜ ጌም ምን ይሠራላቸዋል?»

እንዲህ ያለ ሰው ሳላውቀው እንዴት ላገባው ነበር እያልኩ ስቆም፣ ከሳሎን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። መተንፈሻ አጥታ፣ ዳንቴል ተከናንባ፣ ማሽኗ ታፍናለች። ሮጬ ነቀልኳት። አንተ ተከትለኸኝ ገብተህ ምን አልክ? «ቫርኒሹን! ቫርኒሹን እንዳትጭሪው!»

ሽማግሌዎቹን ያለ መልስ የሸኘናቸው ለዚህ ነው። አንተ ለሰው ሁሉ «ልጅቱ በአንድ የጌም ሣጥን ጣለችኝ» እያልክ አወራህ አሉ። አዎ፣ በአንድ ሣጥን ጣልኩህ። ሣጥን ምን እንዲይዝ እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው፣ ቤት ሲሠራማ ምን ሊያደርገኝ ነው? እኔ ከሰስኩህ እንጂ አባባ አልከሰሰህም። «ልጁ ደክሞበታል፣ ተይው» አለ። ከዚያ ማሽኑን ሳይነካ ከረመ። የተፈቱት ጣቶች መልሰው ተቆለፉ። ሸሚዙንም እንደገና እኔ ቆለፍኩለት፣ እሱም እንደገና ግድግዳውን አየ። አንተ ያኔ በባቡር ጅቡቲ ገብተህ ነበር።

ሣጥንህን በመጥረቢያ ነው የፈታሁት። ደስ ብሎኝ ነው የፈታሁት። ፋራህ የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቶ በምስማር ወንፊት አደረገውና ሆዷን እዚያ ውስጥ አስቀመጥን። ለማዞሪያዎቹ የሽሮፕ ጠርሙስ ክዳን ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ ቆርጬ ጠመጠምኩበት፤ ቡጢ እስኪያክል ጠመጠምኩበት። ጨርሰን ስናያት ፋራህ «አቦ፣ ይቺስ በቀን ታስደነግጣለች» ብሎ ሳቀ። አባባ ብዙ ቀን በሩቁ ሲያያት ቆየ። አንድ ከሰዓት ከቢሮ ስመለስ የነጥቧ ድምፅ ከሳሎን ይሰማል። በሩን ሳልከፍት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

አባባ ውበት አያውቅም እንዳትል። የባቡሩ እጀታ ነሐስ ነበር፤ ፀሐይ ስታርፍበት ከሩቅ ያበራል። ልጅ ሳለሁ ይዞኝ ሲወጣ በምን እንደሚወለውለው ጠይቄው፣ መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ። የሚያበራው እጁ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነበር። አንተ ነሐስ ስትወለውል የማንን እጅ አስበህ ነበር? የአቶ ዘገዬን ዓይን።

ዘንድሮ ፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀረበ። ፋራህ ከኛ ወጥ ባይበላም ቴምሩን ይዞ መጥቶ ከጎናችን ተቀምጧል። አባባ ሁለቱንም እጁን ታጠበ። ከዚያ ቀኟን ወደ ትሪው ላካት። እንጀራውን ቆረሰ፣ ወጡን ጠቀለለ፣ ወደ እኔ አነሣት። መንገድ ላይ ተንቀጠቀጠች። እኔ አንገቴን ወደ እሱ ልሰግግ አልኩና ተውኩት፣ ራሷ ትምጣ ብዬ። ግማሹ አፌ ገባ፣ ግማሹ ነጩ ቀሚሴ ላይ ተደፋ።

«አቦ ገባ! ነጥብ!» ብሎ ጮኸ ፋራህ።

አባባ አልሳቀም። እጁን አያት፣ እኔን አየኝ፣ «ሠርግሽን ግን አልጠበቅሁም» አለኝ። እያኘክሁ አለቀስኩ።

የነሐስ ማዞሪያዎችህን በዚሁ በፋራህ እጅ ልኬልሃለሁ። መስታወትህ ውስጥ አስቀምጣቸው፣ ማንም ስለማይነካቸው እዚያ ያምራሉ። ሁለተኛ አትጻፍልኝ። እግርህንም ከዚያ ጫማ አውጣው።

ቀሚሱን አጥቤዋለሁ፤ የበርበሬው ቀለም ግን ደረቱ ላይ ቀርቷል። አንተ ብታየው «አውልቂው፣ ሰው ያይሻል» ትል ነበር። ይህን ስጽፍልህም ለብሼዋለሁ።

አባቷ በቀኝ እጁ ያጎረሳት፣
ሸዋገነት ገብረ መድኅን