ለአየሩ ሁለት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዝናብ። ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ መጣ፣ ሁለቱም ሙሉ። ሪድዋን ከአስተርጓሚዎች ኤጀንሲ ደወለ፤ ሐሙስ ሥራ አለ። የት? እዚሁ ሰፈሬ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከራሴው ሕንጻ ሥር። አንድ ኩባንያ ከጓሯችን ባለው ባዶ ቦታ ትልቅ ዳታ ሴንተር፣ የኮምፒውተር መጋዘን፣ ሊሠራ ነው፣ ከሃያ አራት የናፍጣ ጄኔሬተር ጋር። ነዋሪው ይጠየቅ ተብሏል። ጠያቂው ማነው? ኩባንያው። የኔን የሚከፍለውስ? እሱው...

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

"አረንጓዴ ምሽት" ብለውታል። ሳምቡሳ ነበረ። መጠይቁ ምን ይጠይቃል? በአጥሩ ዙሪያ ሜፕል ይተከል ወይስ ጥድ። "አይሠራ" የሚል ሳጥን ፈለግሁ፤ የለም። የምክር ቤት ተመራጫችን ስለ ንጹህ አየር ተናገረ፣ የኩባንያው ዓርማ ያለበት ጃኬት ለብሶ። ምርጫው ላይ ስለረዱት አመሰገናቸው። አላፈረም።

ለነዋሪ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተሰጠ። ወ/ሮ አሰፋሽ ተነሡ። የሕንጻችን አራተኛ ፎቅ ናቸው፣ መስኮታቸው በቀጥታ ወደ ባዶው ቦታ ነው፣ አስም አለባቸው። ሊሉ ያሰቡትን ሳምንቱን ሙሉ ነግረውኛል፦ ጭሱ ይገድለኛል። ግን እንደ ትልቅ ሰው መጀመሪያ ሰላምታ። ከዚያ ምስጋና፣ ለሳምቡሳው ሳይቀር። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት... "ሥራችሁን ያቃናላችሁ።" ቃል በቃል ተረጎምኩ። "አሁን ወደ ጉዳዬ ስገባ" ሲሉ ሰዓት አልቋል ተባለ። ተጨበጨበላቸው።

ጉዳዬን መቼ ነው የምናገረው? አሉኝ። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ ደንቡ ነው። ጉዳዩን ያስቀድሙ ብዬ ቀደም ብዬ ብነግራቸው ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ሪፖርቱ ወጣ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ የወ/ሮ አሰፋሽ ፎቶ። ከሥሩ፦ የማኅበረሰቡ እናት ፕሮጀክቱን ባረኩ። ዛፍ የመረጠ ሁሉ ደጋፊ ተብሏል። ተቃዋሚ፣ ማንም የለም።

ወስጄ አሳየኋቸው። ከሥሩ ያለውንም ተረጎምኩላቸው። ነጠላዬን አሳምረው አንስተውታል አሉ። ከዚያ፦

"ልጄ፣ በገዛ ሞቴ ላይ ምስክር አደረጉኝ?"

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ያንን ምርቃት በእንግሊዝኛ ያደረስኩላቸው እኔ ነኛ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ነገ የከተማው ኮሚቴ ይወስናል። ኩባንያው ለአስተርጓሚነት እኔኑ በስም ጠየቀ፤ "ታማኝ ድምፅ" ነኝ አሉ። ለሪድዋን እንደ ነዋሪ ልናገር ነው አልኩት።

"ኮንፍሊክት ኦፍ ኢንተረስት ነው፣ ጽዮን፤ የሚከፍልሽን መቃወም አይሆንም። ከተናገርሽ ከአስተርጓሚዎች ሊስት ሪሙቭ ያደርጉሻል።"

እያዘነ ነው ያለው። ደግ ሰው ነው፣ ለመጣላት እንኳን አይመችም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ተናገርኩ። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ። ምርቃቱ ለሰዎቹ እንጂ ለጄኔሬተሩ እንዳልነበረ፣ ሴትዮዋ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ልብ የሚነካ ንግግር ነው ብሎ አመሰገነኝ። ስድስት ለአንድ አጸደቁት። የነዋሪውን ስጋት ከግምት በማስገባት ማሻሻያም ተደረገ፦ ዛፉ ከሃያ ወደ ሠላሳ ከፍ ይበል። አሥር ዛፍ አስገኘሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ከሊስቱ ወጥቻለሁ። አልቆጨኝም... ትንሽ ቆጭቶኛል።

ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ አሰፋሽ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ኩባንያው ነው። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ተገኝተው እንዲመርቁ ተጋብዘዋል። የከተማው ባለሥልጣን ይመጣል፣ ጋዜጠኛ ይመጣል። ልቀደው ስል እጄን ያዙኝ። ስንት ደቂቃ ሰጥተውኛል? አሉ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ሰዓት የሚል ነገር የለውም።

"እመጣለሁ በያቸው። አሁንስ ከጉዳዬ ነው የምጀምረው።"

መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ግብዣውን በደስታ ተቀብለዋል፣ አስተርጓሚ ይዘው ይመጣሉ፣ ክፍያ አያስፈልጋትም አልኩ።