ሕሊና አፏን የፈታችበት ቀን

ሮም፣ ግንቦት

ለምወድሽ እታለሜ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ተነሥቶ ደሴ እስኪደርስ አይድከመው። እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ በብርዱ ሲያስቸግርሽ ነበር፤ አሁንስ ተሻለው? ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ ትሄጃለሽ ወይስ ባጃጅ ትይዣለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ጎበና ያው ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ ሲያጥብና ሲተኩስ ያመሻል። ልጆቹ እጅሽን ይስማሉ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ካለፈው መስከረም ወዲህ ስልክ ስናነሣ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ እኛ እንቆራረጣለን። አብራኝ የምትሠራው ኣስገደት አገር ቤት ልትመጣ ስትነሣ «ትንሽ ጠብቂኝ» ብዬ ወረቀት ያዝኩ። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ እስክጨርስ ታዳምጭኛለሽ።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥተን ቤት ልናስተምር ነው ስልሽ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም። «ልጅ ያለ ደወልና ያለ ሰልፍ ሰው አይሆንም፤ ዕድሜ ልኬን የቆምኩበትን ጥቁር ሰሌዳ ናቅሽው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እንዴት እንቀዋለሁ? እኔንስ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ አይደለሽም? ምክንያቱን ሳልነግርሽ የቀረሁት፣ ሰው «ልጂቱን ምን ነካት» እንዳይላት ፈርቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሕሊና ነው። ታላቋን ልጄን ታውቂያታለሽ፤ ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም፣ ከወንድሟ ከዮሲ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ይሰማታል። ስደተኛው ሁሉ ከተጠጋበት ሕንፃ ከሰላም ፓላስ ወጥተን እዚህ ሮማኒና ሰፈር ቤት ከተከራየን በኋላ ግን፣ አዲሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጠፋ ጀመር። ማንም አልመታት፣ ማንም አልሰደባት፣ መምህሮቿም ደጎች ነበሩ። ብቻ ቃል አይወጣትም። ሽንት ቤት ልሂድ ብላ መጠየቅ ስለማትችል ውኃ ሳትጠጣ ትውል እንደነበር ያወቅሁት ታማ ሐኪም ቤት ከወሰድኳት በኋላ ነው። እያደር ከእኛ በቀር ለማንም፣ በጣልያንኛም ይሁን በአማርኛ፣ መናገር አቆመች።

ያኔ ነው ጎበና «አሎራ፣ እንግዲያው አንድ ዓመት እኛው እናስተምራት» ያለው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለትምህርት ቤቱ ታሳውቂያለሽ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ልጂቱ ትፈተናለች። ዮሲ «እሷ ቤት ከዋለች እኔስ?» ብሎ መሬት ላይ ስለተንከባለለ ሁለቱንም ያዝናቸው።

እና ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። የጎበና ሥራ የማታ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሒሳብ ያስተምራል፤ እኔ እስከ ምሳ ንባብና ታሪክ፣ ከዚያ ልጆቹን ለእሱ ትቼ ወደ ሥራዬ እሮጥና እሱ ሳይወጣ እመለሳለሁ። አንድ ጠረጴዛ ነው ያለን፤ ድንቹም የሚላጠው፣ ክፍልፋዩም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ትንሿ ሮሐ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ የሁላችን እግር ላይ በቀለም ትስላለች።

ፀደይ ሲገባ ትምህርቱ ወደ በረንዳ ወጣ። ዮሲ በእርጎ ጣሳ ባቄላ ተክሎ በየጠዋቱ በማስመሪያ ይለካ ነበር። አንድ ቀን ሮሐ ቶሎ እንዲያድጉለት ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ላይ ሳበቻቸው። ልቅሶው ለቀስተኛ ይጠራ ነበር።

ሕሊና ለፈተናው የመረጠችው የጥንት ሮማውያን ከተማቸው ድረስ ውኃ እንዴት እንዳመጡ ነው። ጎበና የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሁለት ለሁለት ሰንጥቆ፣ የበረንዳው ብረት ላይ አስሮ ቦይ ሠራላት። ውኃውን ስንለቀው ከታች ፎቅ የምትኖረው ሲኒዮራ ያሰጣችው ልብስ ላይ ወረደ። ሴትዮዋ እየተቆጣች መጣች። እኛ «ስኩዚ፣ ስኩዚ» ስንል ሕሊና በር ኋላ ተደብቃ ትንፋሿን ውጣለች። መጨረሻ ላይ ሲኒዮራን ያሳቀቻት ሮሐ ናት፤ ከነሥሩ የተነቀለ ባቄላ እንደ አበባ ይዛ አቀረበችላት።

ከፋሲካ በኋላ እንግዲህ «እውነተኛውን እንይ» ብለን፣ ጎበና ሥራ ስለነበረው እኔና ልጆቹ ብቻ የውኃው ድልድዮች ያሉበት ፓርክ ሄድን። ሣሩ በቀይ አበባ ተሸፍኗል። ልጆቹ ከቅስት ቅስት ሲሯሯጡ ዋሉ፤ ሕሊና ሣለች፣ ጻፈች። ስንመለስ ሜትሮው ተጨናንቋል። ባቡሩ ቆሞ በሩ ሲከፈት ሮሐ እጄን አስለቅቃ ቀድማ ገባች። እኔ ዮሲን ከሰው መሀል ስጎትት በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ቢጫ ጃኬቷ ታየኝ። እጇን ታውለበልብልኛለች፤ ጨዋታ መስሏታል። ባቡሩ ሄደ።

እታለሜ፣ ስንት ዓመት የለመድኩት ጣልያንኛ በሙሉ ከአፌ ጠፋ። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ በአማርኛ እጮኻለሁ። ሰዎች ከበው ይጠይቁኛል፣ የሚሉኝ ግን አይገባኝም። ደረጃውን ልሮጥ ብል ትንፋሽ አጠረኝ። ያኔ ሕሊና የዮሲን እጅ አስጨበጠችኝና «እማ፣ ቀስ ብለሽ ነይ» ብላኝ ሽቅብ በረረች።

ስደርስ የጣቢያው ሠራተኛ መስኮት ላይ ቆማ መስታወቱን በመዳፏ ትመታለች። ትናገራለች! እህቴ ባቡሩ ውስጥ ናት፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ቢጫ ጃኬት ለብሳለች፣ ስሟ ሮሐ ነው፣ ወደ አናኛና የሚሄደው ነው፣ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ያዙልኝ ትለዋለች፤ አንዱንም ሳትስት፣ በጠራ ጣልያንኛ። ሰውየው ቀና ብሎ ሳያያት ስልኩን ቢያነሣ «ካፒቶ? ገባህ?» ብላ ጮኸችበት። ለትልቅ ሰው እንዲህ መናገሯን ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር።

ሮሐን ያገኘናት የሚቀጥለው ጣቢያ አግዳሚ ላይ ነው። አንዲት አሮጊት ባቡሩ ውስጥ ብቻዋን መሆኗን አይተው አብረዋት ወርደዋል። እሷ ስለ ባቄላው በአማርኛ ታወራላቸዋለች፣ እሳቸውም የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ተንበርክኬ ሳለቅስ ሮሐ ተቆጣችኝ፤ «የት ጠፋችሁ?» አለች።

እኔም ጎበናም ለሕሊና ምንም አላልናትም። ወፍ ትከሻሽ ላይ ስታርፍ አትንቀሳቀሺም። በማግሥቱ ዳቦ ቤት ወረፋ ይዘን ሳለ፣ ሳላዛት፣ «ሁለት» ብላ በቀጭን ድምፅ ጠየቀች። ለታችኛዋ ሲኒዮራም ሰላምታ መመለስ ጀመረች። አንዳንድ ቀን አሁንም ድምጿ ይጠፋል። አልዋሽሽም፣ ሁሉም ነገር ባንድ ቀን አልተለወጠም።

ባለፈው ሳምንት ተፈተነች። የቃል ፈተናው ሦስት መምህራን ፊት ነበር። ጎበና የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። በሩ ትንሽ ገርበብ ብሏል። ጠየቋት፤ ዝም። ደግመው ጠየቋት፤ ዝም። ጎበና እጄን ጨብጦ ሊሰብረኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ ድምጿ መጣ። ውኃ ከሩቅ እንዲደርስ ከተፈለገ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፣ ቁልቁለቱ ከበዛ ቦዩን ያፈርሰዋል ስትል ሰማኋት። እየቆየች ድምጿ ከፍ አለ፤ መጨረሻ ላይ ራሳቸው በቃሽ አሏት።

አልፋለች። አውቶቡስ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ መስከረም ላይ ስኮላ ሜዲያ፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ትምህርት ቤት ሄጄ እማራለሁ አለችኝ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አልኩና ፊቴን እንዳታየው የሮሐን ጫማ ማሰር ጀመርኩ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቦታዋ ግን ገና ሳትሄድ ናፈቀኝ። ዮሲ ግን እኔ ባቄላዬን ጥዬ የትም አልሄድም ብሏል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ክረምቱ ሲወጣ እኛ ጋ ነይ። ለግብዣው የሚያስፈልገውን ወረቀት ጎበና ይጨርሰዋል። ዮሲ አስተማሪ ስለሚጎድለው ብቻ አይደለም። ጥቅምት ሲያልቅ ቤቴ ገንፎ የሚችል እጅ ይፈልጋል። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ደጎች ናቸው፣ ገንፏቸው ግን ይጓጉላል። ልጆቹ ገና አልሰሙም። ጎበና ግን ካወቀ ጀምሮ ባልዲ አላስነሣሽም ብሎኛል።

የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ምን ብለሽ እንደምትመርቂኝም አውቃለሁ፤ ምርቃቱን ግን በስልክ አልቀበልም። እዚሁ መጥተሽ፣ እጅሽን ጭነሽ መርቂኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ፣ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ