«ይበቃኛል» ያልኩ ዕለት

ለውድ እናቴ ለአየለች፤

የወገራ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? አባቴስ፣ ምስጢርስ፣ ከብቶቹስ ደኅና ናቸው? ጊዮርጊስ ይመስገን፣ እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ እህቴ ምስጢር መሆኗን ሳስብ ግን እጄ ከበደኝ። ምስጢርዬ፣ እንዳለ አንብቢላት፤ እማ እንዳታዝን ብለሽ አትዝለይ።

ምስጢር ስምንተኛን ስትጨርስ እዚያ ከዚያ በላይ ትምህርት ስለሌለ፣ በመስከረም ወደ ጎንደር አመጣታለሁ፣ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን ብዬሽ ነበር። ደመወዝ ይጨመርልኛል ብዬ ነው። አልተጨመረልኝም።

የጥልፍ ቤታችን ባለቤት እትዬ ስንዱ የጥምቀት ሥራ ሲያልቅ ተራ በተራ ጠሩን። የካህናቱ ካባ ሁሉ ሸጋ ሆኖ ስለወጣ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ስገባ «ልጄ፣ ደመወዝሽ ይበቃሻል ወይስ ልጨምርልሽ?» አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «ኧረ ይበቃኛል» አልኩ። እማ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። በእኛ ቤት እንግዳ መጀመሪያ በቃኝ ይላል፤ አንቺ «በሞቴ» ስትይው ነው እጁን የሚዘረጋው። እትዬም በሞቴ የሚሉኝ መስሎኝ አጎንብሼ ቆምኩ። እሳቸው ግን «ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለ ልጅ የት ይገኛል!» ብለው ተከታይዋን ጠሩ።

ከጎኔ የምትጠልፈው ዝማሬ የቄስ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። እሷ «አይበቃኝም» ብላ ተጨመረላት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። እንባዬን ስታይ «አንቺ ልጅ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እንጀራም አይገባም እኮ! ተመለሺና ንገሪያቸው» አለችኝ። ሄድኩ። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ «ነጭ ክር አልቋል» ብዬ ክር ተቀብዬ ወጣሁ። ዝማሬ ክሩን ስታይ ራሷን ያዘች።

በማግስቱ ገብቼ የምስጢርን ነገር ሁሉ ተናገርኩ። እትዬ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ! ያለኝን ለሌሎቹ ጨምሬ ጨረስኩ። የከርሞ ሰው ይበለን» አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስይዝ ዓይኔ እየሞላ ጨርቁ አይታየኝም።

እማ፣ እሳቸውን አልተቀየምኩም። አንቺንም እንዲህ አድርገሽ አሳደግሽኝ ብዬ አልወቅስሽም። ግን ይሉኝታዬ የበላው የእኔን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? የምስጢርን ዓመት እኮ ነው የበላው።

የአባቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ደብዳቤዬን ይዘው ለመጡት ለጎረቤታችን ለአያ ክንዱ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ሚስታቸውን እትዬ ውቢትን ከነልጆቻቸው ሰላም በያቸው።

ምስጢርዬ፣ እዚህ ስትደርሺ እማ «አይዞሽ» ትልሻለች። አንቺም «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ልትያት ነው፤ አውቅሻለሁ፣ የአንድ እናት ልጆች ነን። አትበያት። አልቅሺ። እኔንም ተቆጪኝ።

ልጅሽ ጽጌሬዳ አወቀ
ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.