የቡድኑ ደብተር

ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በእጄ የጻፍኩልህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው። በሕይወት ሳለህ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። ከሞትክ በኋላ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ግቡ ሲለን ገባሁ፤ ከሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ቀድሜ ማንበብና መጻፍ ቻልኩ። ደስ አይበልህ። ዛሬ መግቢያ ያሳጣኝ ያው ትምህርት ነው።

ቤታችን እንዳለ ነው፤ የጓዳው ጣሪያ ብቻ ማፍሰስ ጀምሯል። ኳስ ሜዳህ ላይ የኅብረት ሱቅ ተሠርቶበታል። ለስኳርና ለሳሙና የምንሰለፈው አንተ ልጆቹን ታሰልፍበት በነበረው ቦታ ነው።

የተዋወቅነው እንጦጦ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ጭራሮ ተሸክሜ ስወርድ፣ አንተ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ራጉኤል ስትሮጥ። እኛ እንጨት ተሸካሚዎቹ «ይህን ሰው ምን እያባረረው ነው?» እያልን እንስቅብህ ነበር። አንድ ማለዳ አዳልጦኝ ስወድቅ ቆምክ፤ ሸክሜን አንስተህ በጀርባህ አደረግክና «ለእግሬ ጥሩ ልምምድ ነው» ብለህ ቁልቁል ሮጥክ። እንጨቴን ሊሰርቀኝ ነው ብዬ እየጮህኩ ተከተልኩህ። ታች ሠፈር ድንጋይ ላይ አሳርፈኸው ስትጠብቀኝ አገኘሁህ። በዓመቱ ተጋባን።

ያኔ ኳስ የቦዘኔ ሥራ ነበር። አባትህ «ልጄ ጨርቅ ሲራገጥ ሊያረጅ ነው» እያሉ ለጎረቤቱ ያማርሩ ነበር። አንተ ግን ጃንሜዳ ላይ በባዶ እግርህ ጀምረህ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ግራ ክንፍ ሆንክ። ከአሥመራ የመጣውን ቡድን የገጠማችሁ ዕለት ከወንዶች መሀል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከኀፍረቴ የተነሳ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቆሜ ነበር። በግራ እግርህ ያገባሃት ጎል ምን እንደምትመስል አላየሁም፤ ከፊቴ የነበረው ሰው ሁሉ ዘለለ። ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ሠፈራችን እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አመጣህ። አባትህ በር ላይ ቆመው አዩህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንነታቸውን ሰው ሲጠይቃቸው «የዓለሙ አባት ነኝ» ይሉ ጀመር።

ለብሔራዊ ቡድን በተመረጥክ በሳምንቱ ጉልበትህ ተሰበረ። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላህም። ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባህ፤ ለወራት ከእኔ ጋር እንኳ መነጋገር ተውክ። የመለሱህ የሠፈሩ ልጆች ናቸው። ያን ዳገታም ሜዳ ድንጋዩን ለቅማችሁ አጸዳችሁት። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም ነበርና ቤታችን በልጅ የሞላው ያኔ ነው። ዳቦዬን ሲጨርሱት እቆጣ ነበር እንጂ ሳይመጡ የቀሩ ቀን ቤቱ ይጨንቀኝ ነበር። የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ፣ የቤቱን ቁጥርና በየትኛው እግሩ እንደሚመታ በአንድ ደብተር ጻፍክ። የእትዬ ከድጃን ልጅ ጀማልን አምበል አደረግከው። ግርማን በረኛ አደረግከው።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ቤታችን ገብቶ «ልጆቹ በኳስ ስም እየተሰበሰቡ ወረቀት ይበትናሉ፤ ስማቸውን ስጠን» አለህ።

«እኔ የማውቀው ማን በግራ፣ ማን በቀኝ እንደሚመታ ነው» አልከው።

ይዘውህ ሄዱ። አሥራ አንድ ቀን ስንቅ አመላለስኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠባቂው ሳህኑን ሲመልስልኝ ጫማህን አብሮ ሰጠኝ። «ከእንግዲህ አይገባውም» አለኝ። ውስጥ እግርህን ሲገርፉህ እንደከረሙ ያኔ ገባኝ።

ዓለሜ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቅም።

ጫማህን እንደያዝኩ ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። «የቡድኑን ደብተር አምጪ፣ ባልሽን ነገ ትወስጃለሽ» አለኝ። ዱቄት ዕቃው ውስጥ እንደደበቅከው አውቅ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ግን ማን ማን እንዳለበት ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። ዱቄቱን አራግፌ ወስጄ ሰጠሁት።

በማግሥቱ በቃሬዛ ወሰድኩህ። ለብ ባለ ጨውና ውኃ እግርህን ሳጥብ ስለ ደብተሩ ጠየቅከኝ። «አቃጠልኩት» አልኩህ። እጄን ይዘህ ሳምከው። «ልጆቼን አዳንሽልኝ» አልክ።

በሦስተኛው ቀን ጀማልንና ግርማን ወሰዷቸው። ግርማ በሳምንቱ ተፈታ፤ ጀማል አልተመለሰም። አንተም «እሱ ብቻ እንዴት ተፈታ? ጓደኛውን የጠቆመ ግርማ ነው» አልክ። ግርማ ሊጠይቅህ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። ኩላሊትህ አልጋ ላይ የጣለህ ጊዜ፣ ለነፍስ አባትህ «አንድ ልጅ ይቅር ማለት አቃተኝ» ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁህ። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም። እጄን የሳምክበትን ከንፈርህን ማጣት ፈራሁ። ግርማ ቀብርህ ላይ ቃሬዛህን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

ባለፈው ሰኞ እትዬ ከድጃ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ዓይኗ ደክሟል። «በላይነሽ፣ አንቺ አሁን ጸሐፊ ሆነሻል፤ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለችኝ። «ልጄ እንደሞተ ልቤ ያውቃል። የት እንደቀበሩት ይንገሩኝ። ማን እንደጠቆመውም ይንገሩኝ። ወላሂ ሰውየውን ምንም አላደርገውም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እኔ አመልካች» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ዓይኔን አሞኛል ብዬ መለስኳት። ረቡዕ መጣች፣ ዓርብም መጣች። ዓርብ ዕለት የዓይን ጠብታ ይዛልኝ መጣች፤ ከራሷ መድኃኒት ቀንሳ።

ትናንት ግርማን አስጠራሁት። ሁሉንም ነገርኩት። አቀርቅሮ ሰማኝና «ጋሽ ዓለሙ ይህን ሳያውቁ ነው የሞቱት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እኔ እንደከዳኋቸው እያሰቡ?»

«አዎ።»

ተነሥቶ ኮቱን ለበሰና ወጣ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ዓለሜ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ ብቻ አይደለም። አሥራ አንድ ቀን ተገርፈህ የጠበቅከውን እኔ በአንድ ከሰዓት አሳልፌ ሰጠሁ። አንተን ለማዳን ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ከዚያ የጀማል ፊት ይመጣብኛል። እንዳልዋሽህ ግን፣ ያን ጫማ ዛሬ ቢሰጡኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

እስካለሁ አስታውስሃለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ለብቻህ አይደለም። ተዝካርህን ሳወጣ የጀማልን ስም ከስምህ ጋር እጠራለሁ፤ ግርማም እንዳልከዳህ ለሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ። ማመልከቻውን አልጻፍኩትም። ልጇን ማን እንደጠቆመው ለእትዬ ከድጃ የሚነግራት መሥሪያ ቤት የለም። ቤቷ ከእኛ ቤት ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ አምስት ዓመት ሙሉ መሄድ አቅቶኛል። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

በላይነሽ