ሳጥኔ ውስጥ የወሸቅኩት ቅጠል

እንደ እናት ለማይሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ጎንበስ ቀና ያስብልሻል? ባልሽስ ከሳሉ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፣ ምላሴም እንደምታውቂው አላረጀ። ይህን ግን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ነገሩ የታናሽ ወንድማችን የማሙሽ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ብየዳ ቤት ሰው እያሠራ፣ ለኛ ዛሬም ማሙሽ ነው። ባለፈው ወር ቱታውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የምታብለጨልጭ ከረጢት አገኘሁ። ውስጧ ደቃቅ ደረቅ ቅጠል፣ በላይዋ «ለመልካም ሽታ፤ አይበላም፣ አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ሳጥብና ስተኩስ የኖርኩ ሰው፣ ለልብስ ሳጥኔ የገዛልኝ መስሎኝ አንሶላዎቼ መሃል ወሸቅኳት። ሲመጣ መረቅኩት። አንገቱን ደፍቶ አሜን አለኝ።

በሳምንቱ ሥራ ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሽንቱ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም ሲሉኝ፣ ሐሺሽ ያጨሳል ያለችኝን ነርስ ልክ ልኳን ነግሬ በደስታ ይዤው ወጣሁ። ማክሰኞ ደግሞ አረፋ ደፈቀ፤ እኔንም «አንቺ ሴትዮ» አለኝ። ሐኪሙ ያኔ አስረዳኝ። ቅጠሉ እንዲያው ቅጠል ነው፣ መርዙ በላዩ የሚረጩት ኬሚካል ነው፤ ሐሺሽን እንዲመስል ተሠርቶ ከሐሺሽ የከፋ፣ የተለመደው ምርመራም የማያገኘው። አንዱ ስቦ ሲስቅ ሌላው እዚያው ይቀራል አለኝ። እኔው ነኝ እታለም፣ በምላሴ ከሐኪም እጅ ያወጣሁት።

ትናንት ወደ ቤት አመጣሁት፤ ዛሬ ጠዋት ስሜን ጠርቶ ውሃ ለመነኝ። ከደስታዬ ብዛት ኩባያውን ሁለት ጊዜ ደፋሁት። ወዲያው ግን የደበቅሽውን ስጪኝ አለ። ሽንት ቤት ጥዬ ውሃ ለቅቄበታለሁ ብለው አላመነኝም፤ ሳጥኑን ገልብጦ አንሶላዎቹን እያሸተተ አለቀሰ።

ማገገሚያ ቤት አልጋ እስከ ሰኞ ይጠብቁልናል፤ ወዶ ካልገባ ግን አይቀበሉትም። የኔ ቃል በብዛቱ ረክሷል። አንቺ አዝለሽ ያሳደግሽው ነሽና «እታለም ካለችኝ እገባለሁ» ብሏል። በስልክ እንዳላገናኛችሁ፣ ድምፅሽን ሲሰማ ያፍርና ይዘጋዋል። ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌር እሑድ ይመለሳል፤ በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ስጪው። ቁጣም ምክርም ይቅር፣ ግባ ብቻ በዪው። እስከዚያ ከአጠገቡ አልነሳም።

ባልሽን እግዜር ይማርህ በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ መንትዮቹንም ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚልኝ። የእማዬንም ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ ማሙሽ ከጠየቀችሽ ደህና ነው አትበያት፤ እኔ ደህና ነው ብዬ ያደረግሁትን አይተሻል። ጸልዪለት በያት።

ታናሽሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍል
ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን