ትንፍሽ ሳይሉ መተንፈስ

ለተከበሩ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ፣ በየኮሪደሩ ከእርስዎ ቀድሞ የሚደርሰው ድምፅዎ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ወላጆች፣ አየሩ ይመስገን፣ አለን።

ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ለምስጋና እንጂ ለክስ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሰው ፊት ቆማ ማንበብ ሲመጣባት ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀርባት እንደነበር ሰፈር ያውቃል። ልጆቹ «ፊሽካ» የሚሏቸው የስፖርት መምህር ግን ከንባብ በፊት ጥቂት ዮጋ ያሠሯቸው ጀመር፤ እጅ ወደ ላይ፣ ትከሻ ወደ ታች፣ አየር በአፍንጫ ሳብ፣ ቀስ ብሎ ልቅቅ። ብዙም ሳይቆይ ልጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትደናቀፍ አነበበች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሷማ ውሃ ነው የጠየቀችው።

ከዚያ እርስዎ ደረሱልን።

አንደኛ፣ ዮጋው «ሥርዓት እንዲይዝ» ብለው ራስዎ ሊመሩት ስለገቡ እናመሰግናለን። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጠብቁ፣ እርስዎ በር ላይ ቆመው «ፀጥ! ትንፍሽ የሚል ልጅ እንዳላይ!» ብለዋል አሉ። ልጆቻችን የሰው ቃል አክባሪ ናቸውና ትንፍሽ አላሉም፤ በአፍንጫቸውም ጭምር። የልጄ ፊት ቲማቲም መሰለ፤ የኋላ ወንበር ልጆች ደግሞ የያዙት አየር አምልጧቸው እንደ ጎማ ተራ በተራ ፈነዱ። እርስዎም ይህንን «ረብሻ» አሉት።

ሁለተኛ፣ መተንፈስን ፈተና ያለው ትምህርት ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ልጄ ወድቃለች። በዘራችን በዚህ ትምህርት የወደቀ ሰው አልነበረም፤ ቅድመ አያቷ እንኳ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ማለፊያ ነበራቸው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ታዲያ እስካሁን በምን ቆየች?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

ሦስተኛው ላይ ምስጋናዬ እያለቀብኝ ነው። የወደቁት ልጆች «የመተንፈስ ማጠናከሪያ» በንባብ ሰዓት እንዲወስዱ አዘዋል። ጓደኞቿ ክፍል ውስጥ ሲያነቡ የእኔዋ ኮሪደር ላይ ትተነፍሳለች። ማታ መጽሐፍ ስሰጣት አየር ትስብና አፏን ግጥም ታደርጋለች፤ «አንብቢ እንጂ የኔ እናት» ስላት፣ እርስዎ የቆሙ ይመስል በሩን በሩን ታያለች። አባቷ ላግዛት ብሎ አብሯት አየር ቢይዝ ሶፋው ላይ ተዘረረ፤ እሱም ማጠናከሪያ ሳያስፈልገው አይቀርም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ንባቧን ይመልሱላት፣ ዮጋውንም ለመምህሩ ይተዉላቸው። ክቡርነትዎም ቢሳተፉ ደስታችን ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ከዓይንዎም ይልቅ አፍዎን።

የመተንፈስ ፈቃድዎን እጅ ነስታ የምትጠባበቅ፣ ሳንባዋ ከነቤተሰቡ ለትእዛዝዎ የተዘጋጀ፣

የወደቀችው ልጅ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ዛሬ ጠዋት ብመጣ፣ ጉንፋን አስተኝቶዎት ቀርተዋል አሉኝ። መምህሩ ማጠናከሪያውን ትተው ሁሉንም እንደ ድሮው አስተንፍሰው ወደ ንባብ መልሰዋቸዋል። በመስኮት ሳዳምጥ አንዲት ልጅ ገጹን ሙሉ ሳትደናቀፍ ታነባለች፤ ብጠጋ የእኔዋ ናት። እግዜር ይማርዎት፤ ብቻ አይቸኩል።